ውሃ ያዘለ ቁልቁለት፦ በጅማ ዙሪያ ናዳን አስቀድሞ ማወቅና መከላከል

ቁልቁለት መሬት ሁልጊዜ ትግል ላይ ነው። የራሱ ክብደት ወደ ታች ይጎትተዋል፤ የአፈሩ መያያዝ፣ የሥሩ ጥልፍልፍና ከታች ያለው ድንጋይ ደግሞ ይዘውት ይቆያሉ። ይህን ሚዛን አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈርሰው ውሃ ነው። ውሃ አፈሩን ማክበዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በቀለለ፤ ዋናው ጣጣ በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለውን ክፍተት ሲሞላ ቅንጣቶቹን ከውስጥ ገፍቶ መጨባበጣቸውን ማላላቱ ነው። ሃምሳ ዓመት የቆመ ተዳፋት በአንድ የነሐሴ ሌሊት የሚሄደው ለዚህ ነው።

ጅማ ከተማ በዓመት በአማካይ ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነውና እያንዳንዷ ካሬ ሜትር በዓመት 1,500 ሊትር ትጠጣለች ወይም ታፈሳለች። ከመጠኑ በላይ የሚያሳስበው ርዝመቱ ነው። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ ሐምሌ ሲገባ መሬቱ ጠግቦ ይጠብቃል። በሚያዝያ ምንም ያላደረገ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ በነሐሴ መጨረሻ ቤት ሊወስድ ይችላል።

አፈሩም የራሱ ጠባይ አለው። በዞኑ ሰፊውን ቦታ የያዘው ጥልቅ ቀይ አፈር ለቡና የተስማማው ውሃ በደንብ ስለሚያሳልፍ ነው። ያሳለፈው ውሃ ግን የትም አልጠፋም። ወደ ታች ሰርጎ ያልበሰበሰ ድንጋይ ወይም ነጣ ያለ ተጣባቂ ጭቃ ሲገጥመው እዚያ ላይ ይቆምና ቁልቁለቱን ተከትሎ ይሄዳል። ናዳው በአብዛኛው የሚንሸራተተው በዚህ ድንበር ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ይህችን ጥያቄ ለመመለስ ነው፦ ውሃው በየት ገባ፣ የት ቆመ?

ዝናቡ ካባራ በኋላ መውጣት

በበጋ የታየ ቁልቁለት ግማሹን ይደብቃል። ከባድ ዝናብ እየወረደ ከገደላማ ቦታ ስር አትሂዱ፤ ካባራ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ ግን ቦቲ አድርጋችሁ ከተረተሩ አናት ጀምሩ። ወደ ታች እየወረዳችሁ ውሃው የሚሰበሰብበትን በወረቀት ላይ ንድፍ አድርጉ። ካርታ መሳል የማይችል ሰው የለም፤ ቤቶቹን በሳጥን፣ ውሃውን በቀስት ማመልከት ይበቃል።

በመጀመሪያ የምትፈልጉት በሁለት ጉብታዎች መካከል እንደ ማንኪያ የሰረጎደውን ቦታ ነው። ከግራና ከቀኝ የሚመጣው ውሃ ሁሉ እዚያ ይገናኛል፤ ለብዙ ዘመን ታጥቦ የወረደው አፈርም እዚያ ወፍሮ ተኝቷል። ወፍራም አፈርና ብዙ ውሃ አንድ ላይ ሲገኙ ናዳ ቤቱን ሠራ ማለት ነው። ወደ ውጭ ያበጠው የተራራው አፍንጫ ከስርጉዱ ይሻላል። ሰው ግን ከነፋስ ለመሸሸግና ለምንጭ ለመቅረብ ሲል ስርጉዱን ይመርጣል፤ ዴዶንና ጌራን በመሳሰሉ ተራራማ ወረዳዎች ቤት መሥሪያ ሲመረጥ ይህ በተለይ መታሰብ አለበት።

ቀጥሎ ሰው የጫነውን ውሃ ፈልጉ። የመንገድ ቱቦ አፉን የከፈተው በማን ማሳ ላይ ነው? ከብት የሚመላለስበት መንገድ ቦይ ሆኖ ውሃውን ወዴት ይመራል? የቦኖው ትርፍ ውሃ፣ የተሰነጠቀ የቧንቧ መስመር፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ ከእሸት ቡና ማጠቢያ የሚወጣ ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ገንዳ፣ ሁሉም ይቆጠራሉ። የቡና ማጠቢያው በተለይ ይረሳል፤ ሥራው የሚጀምረው ዝናቡ ወደ ማብቂያው ሲደርስ ነውና መሬቱ ገና ሳይደርቅ ሁለተኛ ክረምት ይመጣበታል። የቆርቆሮ ጣሪያም ቀላል አይደለም። 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ በ40 ሚሊ ሜትር ዝናብ 2,400 ሊትር ያወርዳል፤ አሥራ ሁለት በርሜል ውሃ በአንድ ምሽት፣ ያውም በአንድ ማዕዘን።

ዕፅዋቱም ይናገራሉ። ወንዝ በሌለበት የቁልቁለት ወገብ ላይ ቄጠማ ወይም ደንገል ከበቀለ ውሃው ከላይ ሰርጎ እዚያ እየወጣ ነው። የዋንዛው ወይም የባሕር ዛፉ ግንድ ከሥሩ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ከዚያ ወደ ላይ ከቀና መሬቱ በዝግታ ሲሄድ ዛፉ ራሱን እያቃና አድጓል። አንድ ዛፍ ብቻ ከሆነ በሌላ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ አምስት ስድስቱ ባንድ አቅጣጫ ካጎነበሱ ግን ምስክሩ ሙሉ ነው።

ተዳፋቱን መለካት

በዓይን መገመት ያሳስታል፤ ከታች ወደ ላይ ሲያዩት ይገዝፋል፣ ከላይ ወደ ታች ሲያዩት ሌላ ነው። ሁለት ሜትር ቀጥ ያለ ሞራሌ፣ የግንበኛ ውሃ ልክና ሜትር ይበቃሉ።

የሞራሌውን አንድ ጫፍ በላይኛው መሬት ላይ አሳርፉ። ሌላውን ጫፍ ወደ ታች አቅጣጫ አየር ላይ ያዙና ውሃ ልኩ እኩል እስኪያሳይ አስተካክሉ። ከዚያ ከተንጠለጠለው ጫፍ እስከ መሬት ያለውን ቁመት በሴንቲ ሜትር ለኩና ለሁለት አካፍሉ፤ ውጤቱ ተዳፋቱ በመቶኛ ነው። 94 ሴንቲ ሜትር ካገኛችሁ 47 በመቶ፣ ማለትም 25 ዲግሪ ነው። 58 በመቶ 30 ዲግሪ፣ 70 በመቶ 35፣ 84 በመቶ 40፣ 100 በመቶ 45 ዲግሪ ይሆናል። በአንድ ቁልቁለት ላይ ቢያንስ አምስት ቦታ ለኩ፤ ጉብታ ወይም ጉድጓድ ላይ ያረፈ ሞራሌ ይዋሻል። በስልክ ላይ ያለው የማዕዘን መለኪያም ያገለግላል፤ ሣሩ ላይ ሳይሆን በሞራሌው ላይ አስቀምጡት።

አፈሩ ብዙም ጥልቀት ሳይኖረው የሚንሸራተተው ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ከዚያ የከረረ ቦታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ወፍራም አፈር አይቆይም፤ ድንጋይ ይወርድ ይሆናል እንጂ። ከዚያ የለዘበው ደህና ነው ብሎ መተኛት ግን አይቻልም። ጥልቅና ጭቃማ መሬት በ15 ዲግሪም ቢሆን በዝግታ ይሄዳል፤ ሰው ላይ ባይወርድም ቤት ይሰነጥቃል።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት ያለው መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ ባለው ላይ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው በጠረጴዛማ እርከን ብቻ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። 60 በመቶ 31 ዲግሪ ነው። ሕጉ አፈር መታጠብን ቢያስብም ቁጥሩ የወደቀው ከናዳው ቀጠና እምብርት ነው።

ከቁልቁለቱ እግር ምን ያህል መራቅ ያስፈልጋል? ልምድ ካላቸው አገሮች አንዷ ጃፓን ናት። እዚያ ቢያንስ 30 ዲግሪ ያዘነበለና ቁመቱ 5 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ተዳፋት ሲኖር፣ ከእግሩ የቁመቱን ሁለት እጥፍ (እስከ 50 ሜትር)፣ ከአናቱ ደግሞ 10 ሜትር ድረስ የአደጋ ክልል ተብሎ ይከለላል። ተዳፋቱ 15 ሜትር ከሆነ ከእግሩ 30 ሜትር ማለት ነው። ይህ ለተራ ተዳፋት ነው፤ ናዳው ውሃ ቀላቅሎ ቦረቦር ካገኘ እንደ ጎርፍ ስለሚፈስ ሁለት እጥፉም አያቆመው። ስለዚህ የቦረቦር አፍ ላይ ቤት አይሠራም፤ ርቀቱም አይጠየቅም።

ጉድጓድ ቆፍሮ ድንበሩን ማየት

በጥር ወይም በየካቲት፣ መሬቱ በደረቀበት፣ ከስርጉዱ ትንሽ ወጣ ብሎ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ። እስከ 1 ሜትር ከ20 ድረስ በእጅ መቆፈር ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ጎኑ ሊደረመስ ስለሚችል ሰው አይግባበት፣ ወይ ጎኖቹን በደረጃ አስፍታችሁ ቁፈሩ። ብቻውን የሚቆፍር ሰውም አይኑር።

የምትፈልጉት ለውጥ ነው። ቀዩ አፈር የት ቦታ ቀለም ይቀይራል? ሥሮች እስከ የት ወርደው ወደ ጎን ይታጠፋሉ? በየካቲት ድርቅ ውስጥ እርጥብ ሆኖ የተገኘ ንብርብር ካለ የክረምት ውሃ የሚቆመው እዚያ ነው። ከዚያ ንብርብር ጭብጥ አፈር ውሰዱና በውሃ አርሳችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፋችሁ እንደ ጥብጣብ አውጡት። 5 ሴንቲ ሜትር ሳይበጠስ ከወጣ ጭቃው ከባድ ነው፤ ውሃ አያሳልፍም፣ ሲርስም እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የመጣበትን ጥልቀት ጻፉ፤ በኋላ የትኛው ተክል፣ የትኛው ቦይ እንደሚጠቅም የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው። ሲጨርሱ ጉድጓዱን መልሶ መድፈንና መጠቅጠቅ ግዴታ ነው፤ ክፍት የተተወ ጉድጓድ ለውሃው በር መክፈት ነው።

ስንጥቅ፣ ችካልና ቱንቢ

ስንጥቅ ሁሉ ናዳ አይደለም። ዋልካ መሬት በበጋ ሲደርቅ በየአቅጣጫው ይሰነጠቃል፤ እንደ ንብ እንጀራ ይቆራረጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ይገጥማል። የናዳ ስንጥቅ ግን ቁልቁለቱን አግድም ይሄዳል፣ ጫፍና ጫፉ ወደ ታች ታጥፎ ግማሽ ጨረቃ ይመስላል፣ በዝናብ ይሰፋል እንጂ አይገጥምም። የታችኛው ወገን ከላይኛው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ደረጃ ከሠራ ጥርጣሬው አልቋል። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ስታዩ ወደ ታች ወርዳችሁ የቁልቁለቱን እግር ተመልከቱ፤ መሬቱ አብጦ ወይም አጥሩ ተገፍቶ ከተገኘ አናቱና እግሩ አንድ ታሪክ እየነገሯችሁ ነው።

ለመከታተል ስድስት ችካል ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ 80 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 50ው መሬት ውስጥ ይገባል። ከስንጥቁ አንድ ሜትር ወደ ላይ አንድ፣ አንድ ሜትር ወደ ታች አንድ አድርጋችሁ በሦስት ቦታ ትከሉ፦ በመሐልና በሁለቱ ጫፎች። በየችካሉ ራስ ላይ ምስማር ምቱና ከምስማር እስከ ምስማር ያለውን ርቀት በብረት ሜትር በሚሊ ሜትር ደረጃ ለኩ። ሲባጎ አይሆንም፤ ሲረጥብ ይለጠጣል ወይም ያጥራል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ቢቻል ያው አንድ ሰው ይለካ፤ ቀኑንና ቁጥሩን በደብተር ይጻፍ።

ሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት የእጅ ስህተት ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ፍጥነቱ ነው። ዛሬ 3፣ ነገ 3፣ ከነገ ወዲያ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ መሬቱ እየሄደ ነው፣ ግን ጊዜ አለ። 3፣ ከዚያ 6፣ ከዚያ 13 ከሆነ ጊዜ የለም፤ ያን ዕለት ውጡ። ልኬቱ በድንገት ከተዘበራረቀ ከመደንገጥ በፊት ችካሉን ላም ገፍታው እንዳይሆን ተመልከቱ። በእሾህ ያልታጠረ ችካል ዕድሜው አጭር ነው።

በቤት ውስጥ ደግሞ ቱንቢ ጥሩ ጠባቂ ነው። ከበሩ መቃን አናት ላይ ምስማር መትታችሁ ክርና ጠጠር አንጠልጥሉ፤ ጫፉ የሚያርፍበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከሳምንት በኋላ ከምልክቱ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከራቀ ቤቱ እያዘነበለ ነው። በር መግጠም እምቢ ሲል ሰው መጀመሪያ አናጢውን ይወቅሳል፤ እንጨቱ በዝናብ አብጦም ሊሆን ይችላል። ቱንቢው ሁለቱን ይለያል።

የዝናብ መለኪያም ሥሩ። ጎኑ ቀጥ ያለ የሁለት ሊትር ሃይላንድ አንገቱ መጥበብ ከሚጀምርበት ቁረጡና የላይኛውን ክፍል ገልብጣችሁ እንደ ማጥለያ ክተቱበት። ታችኛው ስለማይስተካከል ጠጠር ሞልታችሁ ቀጥታው ከሚጀምርበት ድረስ ውሃ አፍስሱና ዜሮ ብላችሁ መስመር አድርጉ፤ ከዚያ በላይ በማስመሪያ ሚሊ ሜትር ምልክት አድርጉ። ወገቡ የገባ ጠርሙስ አይሆንም፤ ልኬቱን ያበላሻል። ከቤትና ከዛፍ ርቆ ይተከል፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይነበብና እስከ ዜሮ መስመሩ ይደፋ። የዕለቱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ያለፉትን አሥር ቀናት ድምር ጻፉ። ለሁሉም ቁልቁለት የሚሠራ አንድ የአደጋ ቁጥር የለም፤ በሁለት ክረምት ደብተር ግን የራሳችሁ ቁልቁለት ስንት ሲደርስ ችካሉን እንደሚያንቀሳቅስ ታውቁታላችሁ።

ውሃውን ማስወጣት

ገንዘብና ጉልበት ካለ መጀመሪያ መዋል ያለበት እዚህ ነው። የድጋፍ ግንብ ይታያል፣ ይመረቃልም፤ ቦይ አይታይም። ነገር ግን ከበስተጀርባው ውሃ የታሰረበት ግንብ ራሱ የናዳው አካል ሆኖ ይወርዳል።

የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ከስንጥቁ በላይ፣ ቢያንስ 5 ሜትር ርቆ፣ ባልተነቃነቀ መሬት ላይ ይቆፈራል። ለአንድ ቤትና ጓሮ 50 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በብዛት ይበቃል፤ የወጣው አፈር ወደ ታችኛው ወገን ተጥሎ ይጠቀጠቅ። ዝንባሌው በ10 ሜትር ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ለመቀየስ የልማት ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ዘዴ ተጠቀሙ፦ ሁለት እኩል ዘንግ፣ 10 ሜትር ሲባጎ፣ መሐል ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ። ከወደ መውጫው ባለው ዘንግ ላይ ሲባጎውን ከሌላው 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ እሰሩና ውሃ ልኩ እኩል እስኪያሳይ ያን ዘንግ ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቅሱት፤ የቆመበት መሬት በትክክል 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ነው።

የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። ዝንባሌው ከበዛ ውሃው ቦዩን ቆፍሮ ቦረቦር ያደርገዋል። ካነሰ ወይም መሐሉ ላይ ከጎደጎደ ውሃ ይቆማል፣ ይሰርጋል፤ እንዲህ ያለ ቦይ ከአናት ላይ የተሠራ ማጠጫ ነውና ባይቆፈር ይሻል ነበር። ስለዚህ ወለሉን በጭቃ ጠቅጥቁ፣ ጥርጣሬ ባለበት ላስቲክ አንጥፉ ወይም ድንጋይ ደርድሩ። ሦስተኛው የመውጫው ነገር ነው። ቦዩ ጎረቤት ማሳ ላይ ከተከፈተ ችግሩ ባለቤት ቀየረ እንጂ አልጠፋም፤ ሽምግልናም ይከተላል። መውጫው የተፈጥሮ ውሃ መውረጃ ወይም ሣር የለበሰና ድንጋይ የተነጠፈበት መሆን አለበት። ይህ ከብዙ ቤት ጋር የሚያገናኝ ሥራ ስለሆነ በደቦ፣ በጥርና በየካቲት ይሠራ። በሐምሌ የተቆፈረ ቦይ ጭቃ ማቡካት ነው።

አንድ ነገር ላይ ጠንከር ብለን እንናገር። ውሃ አቋሪ እርከንና ትሬንች ዝናብ በሚያንስበት አገር ትልቅ በረከት ነው፤ ውሃውን አስቁሞ ወደ መሬት ያስገባል። ስንጥቅ በታየበት፣ ከ25 ዲግሪ በላይ በሆነ የጅማ ቁልቁለት ላይ ግን ይኸው ሥራ ቁልቁለቱን መጫን ነው። የአፈርና ውሃ ጥበቃ ዘመቻው ሲመጣ እንዲህ ያለው ቦታ ተለይቶ እርከኑ ዝንባሌ ያለውና ውሃ አስወጪ እንዲሆን የልማት ሠራተኛውን ጠይቁ።

ስንጥቁ ራሱ ክፍት ሆኖ መቆየት የለበትም። ጎኑን በዶማ አላልታችሁ እርጥብ ጭቃ በመጠቅጠቅ ድፈኑትና ከላዩ ላስቲክ አልብሱ። መድፈኑ ናዳውን አያቆምም፤ ውሃው በአቋራጭ ወደ ድንበሩ እንዳይደርስ ያደርጋል። ችካሎቹ በቦታቸው ይቆዩ።

ጣሪያችሁ ላይ አሸንዳ ግጠሙ፤ ወደ በርሜል አውርዱ፤ ከበርሜሉ የሚተርፈውን በቱቦ ወደ ቦዩ ምሩ። የተሰበረ ቧንቧ ለቁልቁለት ቀንም ሌሊትም የማያቋርጥ ዝናብ ነው፤ የጥገናው ወረፋ ከረዘመ ቢያንስ ፍሳሹን በቱቦ አርቁት።

እግሩን አትንኩ

ቤት ለመሥራት ተዳፋቱን ቆርጦ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ መተው የተለመደ ነው። የተቆረጠው አፈር ወደ ፊት ይጣልና ግማሹ ቤት በጽኑ መሬት ላይ፣ ግማሹ በድልድል አፈር ላይ ይቀመጣል። ከሁለት ክረምት በኋላ ስንጥቁ ሳሎኑን መሐል ለመሐል ይከፍላል። የግድ ከተቆረጠ ቁርጡን ከ45 ዲግሪ በላይ አታቁሙ፤ ከግድግዳው እስከ ቁርጡ እግር ቢያንስ የቁርጡን ቁመት ያህል ቦታ ተዉ፤ መሐሉ ላይ ቦይ ይኑር። ለምርጊት የሚሆን ጭቃ ከቁልቁለት እግር መቆፈር በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ትራሱን ከተኛ ሰው ራስ ስር እንደ መሳብ ነው።

ግንብ ካስፈለገ በሲሚንቶ ያልታሰረ ድንጋይ ወይም ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ውሃ ስለሚያሳልፍ ለዚህ አገር ይመቻል። በሲሚንቶ ከተገነባ በየአንድ ሜትር ተኩልና ሁለት ሜትሩ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ማስወጫ ቱቦ ይግባበት፤ ከጀርባው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ይሞላ። ጠጠር በሌለበት ቱቦው በአንድ ክረምት በጭቃ ይደፈናል፤ ግንቡም ሆዱን ይነፋል።

ሥር

ቬቲቨር ሣርን ጅማ ታውቀዋለች፤ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በመልኮው የምርምር ማዕከል በኩል ለቡና ማሳ ነበር። ሥሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከ2 እስከ 3 ሜትር ይወርዳል። በሰኔ መጀመሪያ ከእናት ጉቶው ሁለት ሦስት ቁጥቋጥ ገንጥሉ፤ ቅጠሉን 20፣ ሥሩን 5 ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ፤ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አራርቃችሁ በመስመር ትከሉ። በከረረ ቁልቁለት ላይ በመስመሮቹ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ተኩል ይሁን። የሞተውን በሁለተኛው ሳምንት ተኩ፤ አንድ ክንድ የሚያህል ክፍተት ውሃ ይሰበስብና ቦረቦር ይጀምራል። አጥሩ ሙሉ የሚሆነው ከሁለት ክረምት በኋላ ነው። ድንበሩ ከ3 ሜትር ይበልጥ ጥልቅ ከሆነ ግን ቬቲቨር ብቻውን አይዘውም።

እንሰትና ሙዝ ውሃ የሞላ ክብደት አላቸው፣ ሥራቸው ግን ጥልቅ አይደለም፤ ለቁልቁለት መያዣ አትቁጠሯቸው። ባሕር ዛፍ በአንድ ጊዜ አይመንጠር። ዛፉ ሲቆረጥ ሥሩ ወዲያው አይበሰብስም፤ አደጋው የሚመጣው ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሰው መመንጠሩን በረሳበት ጊዜ ነው። በየተራ ቁረጡ፣ በቦታውም አገር በቀል ዛፍ ትከሉ። ዋንዛና ብሳና ጥላ የሆኑለት የቡና ማሳ በዚህ ረገድ ከባዶ ግጦሽ በብዙ ይሻላል።

ከመኝታ በፊት የሚደረግ ውሳኔ

ናዳ ብዙ ሰው የሚገድለው ሰው ተኝቶ ሳለ ነው፤ ስለዚህ ውሳኔው ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ይደረግ። ችካሉን ለኩ፣ ምንጩን እዩ። ጥርት ያለ ምንጭ ከደፈረሰ፣ ወይም ዝናብ እየዘነበ ምንጩ በድንገት ከደረቀ ውስጡ ተንቀሳቅሷል። ወንዙ ዝናብ እያለ ከቀነሰ ከላይ ናዳ ዘግቶት ሊሆን ይችላል፤ ሲበረግድ በአንድ ጊዜ ስለሚመጣ ከወንዝ ዳር ራቁ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ፣ ወይም ስንጥቁ ከትናንት ፈጥኖ ከሰፋ፣ ሌሊቱን ዘመድ ቤት እደሩ። ሳይናድ ቢነጋ የከሰራችሁት አንድ ሌሊት እንቅልፍ ነው።

መውጫው ወደ ጎን፣ ወደ ተራራው አፍንጫ ነው። ቦረቦር ተከትሎ መውረድ ናዳውን መንገዱ ላይ መጠበቅ ነው። መንገዱን በቀን አብራችሁ ሄዳችሁ እዩት፤ ለአዛውንትና ለሕፃናት ማን ኃላፊ እንደሆነ በስም ይታወቅ። የእድሩ ጥሩምባ ለማስጠንቀቂያ ጥሩ ነው፣ አነፋፉ ግን ከለቅሶው የተለየ ይሁን፤ አለበለዚያ ሰው ለቅሶ መስሎት ወደ አደጋው ቤት ይሰበሰባል። ማስጠንቀቂያው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይነገር።

ከቤት መውጣት ሳይቻል የዛፍ መሰባበርና የድንጋይ ጉርምርምታ ከተሰማ፣ በተራራው ወገን ካለው ግድግዳ ርቃችሁ በቁልቁለቱ ወገን ወዳለው ክፍል ሂዱና ጭንቅላታችሁን ሸፍኑ።

ናዳው ከወረደ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው ናዳ ከ220 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው የተቀበሩትን ለማውጣት ተሯሩጠው የመጡና ሁለተኛው ናዳ የያዛቸው ነበሩ። አንዱ ክፍል ሲሄድ ከላይ የቀረው ድጋፉን ያጣል፣ ውሃውም እዚያው ነው፤ ሁለተኛው መውረዱ ያልተጠበቀ ነገር አይደለም።

ስለዚህ አካፋ ከማንሳት በፊት አንድ ሰው ፊሽካ ይዞ ከናዳው ጎን፣ አናቱን ማየት ከሚችልበት ደህና ቦታ ይቁም። ሥራው ማየት ብቻ ነው፤ አይቆፍርም፣ ስልክ አያወራም። ሌላ ሰው የሚገቡትንና የሚወጡትን በስም ይመዝግብ። በአንድ ጊዜ የሚቆፍሩት ከስድስት ስምንት አይብለጡ፤ ሌላው ሰው በጎን ርቆ ተራውን ይጠብቅ። ፊሽካ ሲሰማ ሁሉም አካፋውን ጥሎ አስቀድሞ ወደተመረጠው ጎን ይሩጥ። ሕዝቡን ማራቅ ከሁሉም ይከብዳል፤ የሚያለቅስ ወንድምን ተመለስ ማለት ቀላል አይደለምና ይህን ሥራ የሚከበር ሽማግሌ ይያዘው።

ቁፋሮው ከቤቱ በሚታወቅ ቦታ፣ መኝታው ከነበረበት ይጀምር፤ ቤቱ ተገፍቶ ሊሆን ስለሚችል ወደ ታች አቅጣጫ አስቡት። በአፈር በቀጥታ የተቀበረ ሰው ጊዜው በጣም አጭር ነው፤ በጣሪያና በግድግዳ መካከል ክፍተት ያገኘ ግን ሰዓታት ሊቆይ ይችላል። በየአሥር ደቂቃው ሁሉም ዝም ብሎ ያድምጥ። ወደ ሰውየው ስትቀርቡ ዶማ ጣሉና በእጅና በሳህን አውጡ፤ መጀመሪያ አፍንጫና አፉን፣ ቀጥሎ ደረቱን ነፃ አድርጉ። እግሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጨፍልቆ የቆየ ሰው ሲላቀቅ በድንገት ሊወድቅ ስለሚችል፣ ከመላቀቁ በፊት የጤና ባለሙያ እንዲደርስ አድርጉ።

ዝናቡ ካቆመ በኋላም ለከብት፣ ለቡና ጆንያ ወይም ለሰነድ ብሎ መመለስ አይገባም። ጥልቅ መሬት ውስጥ ውሃው በዝግታ ስለሚወርድ ሁለተኛው እንቅስቃሴ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ በፀሐይ ሊመጣ ይችላል። ከአዲሱ ገደል ጫፍ በላይ 10 ሜትር ርቃችሁ አዲስ ችካል ትከሉ፤ ልኬቱ ለተከታታይ ሁለት ሳምንት ካልተንቀሳቀሰ በቀን፣ ከጠባቂ ጋር፣ በጥቂት ሰው ገብቶ ዕቃ ማውጣት ይቻላል። ለማደር ግን ቢያንስ እስከ ኅዳር ይጠበቅ።